«ኢት» ማን ነው? ዝናብን በእንግሊዝኛ ስንማር



ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው ወሬ ብዙውን ጊዜ ስለ አየሩ ነው። ገበሬው «ዘንድሮስ እንዴት አድርጎ ጣለላችሁ?» ይላል። መንገደኛው ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ ይጠይቃል። እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኝ ቀና ብላ ደመናውን ታያለች። በእንግሊዞች ዘንድማ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች እንኳ ወሬ የሚጀምሩት በዚሁ ነው። ስለዚህም በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ምዕራፍ አይጠፋም። እኛም ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ይህንን ምዕራፍ ከልጆቻችን ጋር ስንማር ስላየነው ነገር ነው።

እኛ በግልገል በለስ ከተማ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ከተማችን በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የመተከል ዞን መቀመጫ ናት። ከመካከላችን ወላጆቻቸው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም ከወሎ ወደ ፓዌ በሠፈራ የመጡ አሉ፤ ከአገው ምድር የመጡ አሉ፤ በንግድና በመንግሥት ሥራ የመጡም አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐሥር ሶላት በኋላ ከአንዳችን ግቢ የማንጎ ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወጣት ወንድማችን ለአላህ ብሎ ልጆቹን ያስጠናል። ወላጆችም ከዳር ተቀምጠን እንሰማለን፤ መስማት ብቻም አይደለም፣ ከልጆቻችን ጋር እንደግማለን።

«እንግሊዝኛ ለምን ያስጨንቃችኋል?» የሚለን ሰው አለ። መልሳችን አጭር ነው። ልጆቻችን ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማሩታል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ጂኦግራፊውም፣ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን የጥያቄውን ቃል ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል? በእኛ በኩል ሌላም አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ ብዙ ልጅ ከትምህርት ገበታው ርቆ ነበር። ከእኛ ጋር ከሚያጠኑት መካከል ዕድሜያቸው ከክፍላቸው የበለጠ ወጣቶች አሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚባክን ጊዜ የለም።

በሃይማኖታችንም ቢሆን ቋንቋ መማር የተወደደ ነው። ቁርኣን በሱረቱ አር-ሩም 22ኛ አንቀጽ የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከአላህ (ሱ.ወ) ተአምራት መካከል ይቆጥረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባውን ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት፣ ዘይድ ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደተማረው ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንግዲህ ችግሩ የባዕድ ቋንቋ መማሩ ሳይሆን አማማሩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ያጋጠመን በወቅቶች ስም ነው። በመጽሐፉ ላይ «ሰመር» የሚለው ቃል ሥር ፀሐይ የበዛበት የባሕር ዳርቻ ተሥሏል። ልጆቻችን ደግሞ «ሰመር» ማለት ክረምት ነው ብለው ያውቃሉ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በክረምት የሚሰጡትን ትምህርት «ሰመር» ይሉታልና። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በእንግሊዝ አገር ሞቃት ወራት ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጭቃና ጎርፍ የበዛባቸው ናቸው። «ዊንተር» የሚለው ቃል ሥር ደግሞ ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። በእኛ አገር እነዚያው ወራት በጋ ናቸው፤ ሰማዩ ጠርቶ አቧራ የሚነሣባቸው ናቸው። ታዲያ ልጁ የትኛውን ይመን? መጽሐፉን ወይስ ዓይኑን?

ወንድማችን መምህሩ ጥሩ መላ አመጣ። «የእነሱን አራት ወቅቶች ስም ለፈተና ዕወቁት፤ ስለ አገራችሁ ስትናገሩ ግን በእነሱ ስም አትጥሩት። እኛ ዘንድ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ‹ሬይኒ ሲዝን›፣ ቀሪው ‹ድራይ ሲዝን› ነው። ይህን ያለ እንግሊዝም ይረዳችኋል፣ ሕንድም ይረዳችኋል» አለ።

በዚህ ላይ ዐረብኛ ከሚያውቁት አባቶቻችን አንዱ ያከሉት ነገር ደስ አሰኘን። በዐረብኛ መዝገበ ቃላት «ኸሪፍ» ማለት ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። ሱዳኖች ግን «ኸሪፍ» የሚሉት ዝናብ የሚጥልበትን ክረምት ነው። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ድንበር ያሉ የበርታ ወንድሞቻችንም ከሱዳን ዐረብኛ ጋር የሚያውቁት ይህንኑ ነው። በዑማን አገር በሰላላ ከተማም እንዲሁ በሰኔና በነሐሴ መካከል ካፊያ የሚወርድበትን ጊዜ «ኸሪፍ» ይሉታል። እንግዲህ ዐረቦች ራሳቸው ቃሉን ይዘው ከአገር ወደ አገር ሲሄዱ ትርጉሙን ለሰማዩ አስማሙት እንጂ ሰማዩን ለቃሉ አላስማሙትም። እኛም ይህንኑ ማድረግ እንችላለን ማለት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት በረዶ ነበር። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውም ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውም ውኃ፣ በፈረንጅ አገር እንደ ጥጥ የሚወርደውም ነገር ሁሉም በረዶ ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን ሦስት ስም አላቸው፤ ጠጠሩ «ሄይል»፣ የረጋው ውኃ «አይስ»፣ እንደ ጥጥ የሚወርደው «ስኖው» ነው። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በመጽሐፉ ላይ በስኖው መካከል ቆመው የሚስቁ ሕፃናትን አይቶ «ቲቸር፣ በረዶው ጭንቅላታቸውን አይመታቸውም?» ሲል ሁላችንም ሣቅን። ነገር ግን ልጁ እውነቱን ነው። እሱ የሚያውቀው የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚደበድበውን በረዶ ነው። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኑር 43ኛ አንቀጽ ላይ «በረድ» ብሎ የጠቀሰው ይህንኑ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር ነው፤ ከአማርኛው በረዶ ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ «ሄይል» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ከመጽሐፉ ሥዕል ሳይሆን ከራሳችን መንገድ ጀመርነው። ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ እኛ የሚመጣውን አውቶቡስ አስቡት። እንጅባራ ላይ በማለዳ ጉም ነው፤ ተሳፋሪው በጋቢ ተጀቡኗል። ይህ «ፎጊ» እና «ቺሊ» ነው። ቻግኒ ሲደርስ ጋቢው ይወልቃል፤ ብርድም ሙቀትም አይደለምና «ማይልድ» እንለዋለን። ወደ ግልገል በለስ ሲወርድ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሸሚዝ ይፈታል፤ ይህ «ሆት» ነው። በግንቦት መጨረሻ ደመናው ተጭኖ ነፋስ ጠፍቶ ላብ ከሰውነት አልላቀቅ ሲልማ «ማጊ» ይባላል፤ ይህም ወበቅ የምንለው ነው። አንድ ልጅ የሦስት መቶ ቃላት ዝርዝር ከሚሸመድድ ይህችን አንዲት ጉዞ በእንግሊዝኛ ቢተርክ ይሻለዋል።

የዝናቡን ዓይነትም እንዲሁ ከአማርኛችን ጋር አስተያየነው። ካፊያ «ድሪዝል» ነው። መጥቶ ወዲያው የሚያልፍ ዝናብ «ሻወር» ይባላል። ልጆቹ ሻወርን የሚያውቁት መታጠቢያ ቤት ስለሆነ መጀመሪያ ግር ቢላቸውም፣ ሁለቱም ከላይ የሚወርድ ውኃ መሆኑን ሲያስተውሉ ገባቸው። ዶፍ «ዳውንፖር» ነው። ነጎድጓድ «ተንደር» ነው። ብልጭታው «ላይትኒንግ» ይባላል። ውሽንፍር ላይ ስንደርስ ግን መምህሩ ቆም አለ። እንግሊዝኛ ለእርሱ አንድ ወጥ ቃል የለውም፤ ነፋስ እየነዳ ወደ ቤት የሚያስገባው ዝናብ ብሎ በረጅሙ መተርጎም ያስፈልጋል። በዚህ ከወሎ የመጡት እናቶቻችን በጣም ተደሰቱ። «ለካ የእነሱም ቋንቋ የሚጎድለው አለ!» አሉ። ልጆቻችን እንግሊዝኛን ሲማሩ የራሳቸውን አማርኛ፣ ሽናሽኛም ሆነ ጉሙዝኛ፣ እንደ ጎደሎ እንዳያዩት ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ትምህርት ናት። ቁርኣንም በሱረቱ አል-በቀራህ 265ኛ አንቀጽ ከባዱን ዝናብ «ዋቢል»፣ ቀላሉን «ጠል» ብሎ ይለያቸዋል፤ በአማርኛም ጠል የምንለው ማለዳ ሣሩን የሚያረጥበውን ነው። ዝናብን በየዓይነቱ ለይቶ መጥራት የአላህን ጸጋ በየዓይነቱ ማስተዋል ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» የሚለውን አረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ትርጉሙ «እየዘነበ ነው» ማለት ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ‹ኢት› የተባለው ማን ነው?» አለች። መምህሩ «ማንም አይደለም» ብሎ መለሰላት። ይህን ጊዜ ከዳር ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩ አንድ ትልቅ አባት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ ትሕትናህንም ድካምህንም እናውቃለን፣ አላህ ይጨምርልህ» አሉት። «ነገር ግን ዝናብ የሚያወርደው አላህ ነው። ልጆቻችን ‹አላህ አዘነበልን› ማለቱን ትተው ማንነቱ የማይታወቅ ‹ኢት› አዘነበ እንዲሉ ከሆነ፣ የልጅ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እኒህ አባት በአካባቢያችን የተከበሩ ናቸው፤ እርሳቸው ልጆቻቸውን ቢያስቀሩ ሌሎችም ማስቀረታቸው አይቀርም ነበር። ቃላቸውም ከባዶ የመጣ አልነበረም። በሑደይቢያ ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱብሕን አሰግደው፣ ዝናቡን ከአላህ ችሮታ ነው ያለው በአላህ ያመነ መሆኑን፣ በእገሌ ኮከብ ምክንያት ነው ያለው ግን በኮከቡ ያመነ መሆኑን ከጌታቸው ይዘው እንደነገሩን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ዝናብን ወደ ማን እንደምናስጠጋ መጠንቀቅ የዐቂዳ ጉዳይ ነው።

መምህሩ አልተከራከረም። «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ በአክብሮት። «ፀሐይ ስትጠልቅ ምን ይላሉ?»

«መሸ እላለሁ።»

«ማን ነው የመሸው?»

አባታችን ዝም አሉ።

«ማለዳስ?»

«ነጋ።»

«ማን ነጋ? ሲበርድዎስ ‹በረደኝ› ይሉ የለም? ያበረድዎ ማን ነው? ‹ዘነበ› ስንልስ የዘነበው ማን እንደሆነ በቃሉ ውስጥ አለ?»

ከዚያም ለሁላችንም አስረዳን። በአማርኛ ግሡ ራሱ አድራጊውን በሆዱ ይይዛል፤ «መሸ» ብቻውን ሙሉ አረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን ግስን ብቻውን ማቆም አይችልም፤ ከፊቱ አንድ ቃል ይፈልጋል። አድራጊ የማይጠቀስ ሲሆን ባዶውን ቦታ የሚሞላለት «ኢት» ነው። እንደ ምሰሶ ነው፤ ድንኳኑን ያቆመዋል እንጂ የቤቱ ባለቤት አይደለም። የቋንቋው ሊቃውንትም ትርጉም የሌለው ባለቤት ይሉታል። ስለዚህ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ያለ ሰው ዝናቡን ከአላህ ነጥቆ ለሌላ አልሰጠም፤ «ዘነበ» እንዳለ አማርኛ ተናጋሪ ነው።

አባታችን ጥቂት አስበው «እንግዲያው እኛም በየቀኑ ‹ኢት› ስንል ኖረናል በለኛ» አሉ፤ ተሣሣቅን። ቀጥለው ግን ያሉት ነገር ከሁላችንም ልብ አልጠፋም። «ሰዋስው የባለቤቱን ስም ቢተወው እኛ ግን በልባችን አንተወውም። ልጆቹ አረፍተ ነገሩን ሲጨርሱ ‹አልሐምዱሊላህ› ይበሉ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዳችን ይኸው ሆኗል።

ከዚህ የተማርነው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ልጅ «ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ ብሎ «ዝም ብለህ ሸምድድ» ማለት አይገባም። የጠየቀችው ልጅ ባትጠይቅ ኖሮ ነገሩ በአንዳንዶቻችን ልብ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሲውል ሲያድር በእንግሊዝኛ ላይ ጥርጣሬ ይሆን ነበር። ሲጠየቅና ሲመለስ ግን ልጆቹ ሰዋስውንም አወቁ፣ ዐቂዳቸውንም አጠነከሩ።

ከዝናቡ ቀጥሎ የመጣው ትንበያው ነው። «ኢት ዊል ሬይን ቱሞሮው» ማለት «ነገ ይዘንባል» ነው። እዚህም ላይ ጥያቄ ተነሣ። ዝናብ መቼና የት እንደሚወርድ ፍጹሙ ዕውቀት የአላህ እንደሆነ በሱረቱ ሉቅማን 34ኛ አንቀጽ ተነግሮናል። ስለ ነገ ስንናገርም «ኢንሻ አላህ» እንድንል በሱረቱ አል-ከህፍ 23ኛና 24ኛ አንቀጾች ታዘናል። ነገር ግን የአየር ትንበያ ባለሙያዎችን ቃል ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው እነርሱም ገይብ እናውቃለን እንደማይሉ ይገነዘባል። «ዊል» ከማለት ይልቅ «ሜይ» ይላሉ፤ ሊዘንብ ይችላል ማለት ነው። «ላይክሊ» ይላሉ፤ ሳይዘንብ አይቀርም ማለት ነው። «60 ፐርሰንት ቻንስ» ይላሉ፤ ደመናው፣ ነፋሱና እርጥበቱ እንዲህ ባለባቸው ዐሥር ቀናት ውስጥ በስድስቱ ያህል ይዘንባል እንደማለት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የወቅት ትንበያውን ሲያወጣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ይገልጻል እንጂ «እንዲህ ይሆናል» ብሎ አይደመድምም። ይህ አላህ በፍጥረቱ ያኖረውን ሥርዓት ተመልክቶ መገመት ነው፤ ገበሬ አባቶቻችን የደመናውን አቅጣጫ አይተው ከሚገምቱት የተለየ አይደለም።

ይህች የቃላት ልዩነት በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አገለገለችን። ሰሊጥ ታጭዶ እስኪደርቅና እስኪራገፍ ድረስ ዝናብ ቢያገኘው ፍሬው ይበላሻል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ከመካከላችን አንድ አባወራ ሰሊጡን አስራግፎ ገና ከሜዳ ሳያነሣ የስልኩ የአየር ትንበያ «ስካተርድ ሻወርስ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ አነበበችለት። «አባዬ፣ ሻወር ማለት መጥቶ የሚያልፍ ዝናብ ነው፤ ስካተርድ ማለት ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው። እኛ ላይ ሊጥል ይችላል፣ ላይጥልም ይችላል» አለችው። አባቷም ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት ነው ብሎ ሸራ አምጥቶ ሰሊጡን አለበሰ። በዚያ ሌሊት ዝናቡ ከወንዙ ማዶ ጣለ፤ በእርሱ ማሳ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። «ታዲያ ሸራው ለምን አደከመኝ?» አላለም። «የተበታተነ ማለት ይህ ነው፤ ለእኛ ያልደረሰው ለሌላው ደርሷል» አለ። በማግሥቱም ወንዙን ተሻግሮ የጎረቤቱን ሰሊጥ ለማድረቅ ሊረዳ ሄደ።

ማስጠንቀቂያ ሲሆን ደግሞ ቃሉን ማወቅ ከሰሊጥም ይበልጣል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በድሬዳዋ በደረቅነቱ የሚታወቀው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ደራሽ ጎርፍ «ፍላሽ ፍለድ» ይባላል። እኛም የምንኖረው በበለስ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ ደራሽ ውኃ እንዴት እንደሚመጣ እናውቃለን። ልጆቻችን «ዋርኒንግ» የሚለውን ቃል በስልክም ሆነ በሌላ ባዩ ጊዜ ማለፍ እንደሌለባቸው፣ ወዲያው ለቤተሰብ መንገር እንዳለባቸው ነግረናቸዋል።

ሦስተኛው ትምህርታችን ስለ አደብ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙ ንግግሮችን ብታስተውሉ ፀሐይ ከሆነ «ናይስ ዌዘር» ነው፤ ዝናብ ከሆነ «ባድ ዌዘር»፣ ሲብስም «ቴሪብል» ነው። ፀሐይ ለሚናፍቀው እንግሊዛዊ ይህ ይሁን። ለመተከል ገበሬ ግን በሰኔ ወር ፀሐይ ብቻ ከሆነ እርሱ ነው የሚያስፈራው። በ2007 ዓ.ም ክረምት «ኤል ኒኞ» የተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ባስከተለው ድርቅ በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ የሚሻ ሆኖ እንደነበር አንረሳም። ያን ጊዜ በየቀኑ ሰማዩ ጥርት ያለ «ናይስ ዌዘር» ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነፋስን መሳደብ ከልክለዋል። ዝናብ በጣለ ጊዜ ጠቃሚ እንዲያደርገው ይለምኑ ነበር። ዝናቡ ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ ሳያቋርጥ ጥሎ ሰዎች በተቸገሩ ጊዜም በእኛ ላይ ሳይሆን በዙሪያችን አድርገው ብለው ዱዓ አድርገዋል። ከዚህ የምንረዳው ሙስሊም ሙቀቱን «ሞቀ»፣ ጎርፉን «በዛ» ብሎ መግለጹ ማማረር እንዳልሆነ ነው። መግለጽ ሌላ ነው፣ መሳደብ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጆቹን «ኢት ኢዝ ቬሪ ሆት ቱደይ» በሉ እንላቸዋለን፤ እውነት ነውና። «ዊ ኒድ ዘ ሬይን» በሉ እንላቸዋለን፤ ዝናብ ያስፈልገናል ማለት ነውና። የመጽሐፉን «ባድ» ግን ዝናብ ላይ እንዳይለጥፉት እንመክራቸዋለን። እንግሊዝኛው ሳይበላሽ አደቡ ይጠበቃል።

በመጨረሻም ወጣቶቻችን እንግሊዝኛን ሲማሩ አንገታቸውን እንዳይደፉ አንድ ነገር እንጨምር። እንግሊዝኛ ራሱ የአየርን ስሞች ከሌሎች ተውሷል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከዐረብኛ ናቸው። በሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰውን ወቅታዊ ነፋስና የሚያመጣውን ዝናብ «ሞንሱን» ይሉታል። ይህ «መውሲም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ወቅት ማለት ነው። በዚህ ነፋስ በመርከብ ይነግዱ የነበሩት ዐረቦች ስሙን ሰጡት፣ ፖርቹጋሎች ወሰዱት፣ ከእነርሱም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። በጎረቤታችን ሱዳን የሚነሣው የአቧራ ማዕበል «ሀቡብ» ይባላል፤ ዛሬ በአሜሪካ የአሪዞና በረሃ ሳይቀር የአየር ባለሙያዎች በዚሁ ስም ይጠሩታል። የሚያቃጥለው የበረሃ ነፋስም «ሲሙም» ሲባል ምንጩ የዐረብኛው «ሰሙም» ነው። ቋንቋ እንደ ገበያ ነው፤ ሁሉም የያዘውን ያመጣል፣ የጎደለውን ይወስዳል። ልጆቻችንም ወደዚህ ገበያ ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አይደሉም።

ውድ ወላጆች! እንግሊዝኛ የማንችል ብንሆን እንኳ ለልጆቻችን የምናደርገው አለ። ማለዳ ከቤት ሲወጡ ሰማዩን አሳይተን «ይህን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ብለን እንጠይቃቸው። ካፊያን ከዶፍ፣ ጉምን ከደመና፣ ወበቅን ከሐሩር በራሳችን ቋንቋ ለይተን እናስተምራቸው፤ በአፍ መፍቻው ያልለየውን ልጅ በባዕድ ቋንቋ ሊለየው አይችልምና። ዐሥር ቃል ይዘው ለአንድ ሳምንት የሰማያቸውን ሁኔታ በደብተር ይጻፉ፤ ከመቶ ቃል ሽምደዳ ይሻላቸዋል። እናንት ወጣቶችም «አልገባኝም» ለማለት አትፈሩ። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በአንዲት ጥያቄ ሽማግሌ አባትና ወጣት መምህርን አስተማምናለች፣ ለሁላችንም ትምህርት ሆናለች።

አላህ (ሱ.ወ) ዝናባችንን የእዝነት እንጂ የቅጣት አያድርግብን። ለአካባቢያችን ሰላምን፣ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።